የኦስቲዮፓት ዓላማ ከእጁ አልፎ ይሠራል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ተመርቀው በጀርመን ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የኦስቲዮፓቲ፣ ማለትም ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ፣ ትምህርት ይከታተላሉ። በአንድ የልምምድ ቀን መምህራቸው «እጅሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ዓላማ ግን የለውም» አሏቸው። ከዚያም እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ይልቀቅ» እያሉ በልባቸው እንዲያስቡ አዘዟቸው። አልጋው ላይ የተኛችው የክፍል ጓደኛቸው ትንሽ ቆይታ «አሁን ተሰማኝ» አለች። «የሐኪሙ ዓላማ በእውነት የታካሚውን ሰውነት ይለውጣል ወይስ ራሳችንን እያታለልን ነው? የሚለውጥ ከሆነ በምን መንገድ? ለታካሚዎቼስ ምን ልበላቸው?» ሲሉ ጽፈዋል።

ውድ እኅቴ፣

ዓላማ ይሠራል። የሚሠራው ግን በእጅዎ፣ በፊትዎ፣ በድምፅዎ፣ በሚመርጡት ግፊትና ሕክምናውን በሚመሩበት ውሳኔ በኩል ነው። ከእነዚህ ውጭ ከአእምሮዎ ተነሥቶ የታካሚውን ቆዳ የሚሻገር ሌላ ኃይል ስለመኖሩ የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው ሁለቱን የሚያደባልቅ ሐኪም ውሎ አድሮ የሚጎዳው ታካሚውን ስለሆነ ነው።

አስቀድሜ ግን ለመምህርዎ ልከራከርላቸው። ዓላማ እጅን የሚቀርጸው ገና ታካሚው ሳይነካ ነው። ማርተኒዩክ የተባለ የእንቅስቃሴ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1987 ባሳተሙት ሥራ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰዎች አንድ ዓይነት ክብ ነገር እንዲያነሡ አደረጉ። አንዳንዴ ካነሡት በኋላ ጠባብ ማስቀመጫ ውስጥ በጥንቃቄ እንዲያስገቡት፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳጥን ውስጥ እንዲወረውሩት ተነገራቸው። የሚነሣው ነገር አንድ፣ ርቀቱም አንድ ነው። በጥንቃቄ ሊያስገቡት ሲሉ ግን እጃቸው ወደ ዕቃው ሲቀርብ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ሊወረውሩት ሲሉ እየፈጠነ ይደርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የአሁኑን እንቅስቃሴ ለውጦታል ማለት ነው። «ይህን መገጣጠሚያ አስተካክለዋለሁ» ብሎ የሚቀርብ እጅና «ይህ መገጣጠሚያ ወዴት መሄድ እንደሚፈቅድ ልየው» ብሎ የሚቀርብ እጅም እንዲሁ በአደራረሳቸው፣ በስፋታቸውና በፍጥነታቸው ይለያያሉ። የታካሚው ቆዳና ጡንቻ ያንን ልዩነት ይሰማሉ። ሐኪሙ ራሱ ላያስተውለው ይችላል፤ ለዚህም ነው አስተማሪ አጠገብ ቆሞ «ዓላማህ የት ሄደ?» የሚለው።

እርስዎ በየቀኑ የሚሠሩትን አንድ ነገር እንውሰድ። ታካሚው በጀርባው ተኝቷል፤ ሁለት እጅዎን ከማጅራቱ በላይ፣ የራስ ቅሉ ከአንገት ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ሥር አድርገዋል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። መጀመሪያ ላይ ግን ያ ክብደት እጅዎ ላይ አይወድቅም፤ ከፊሉን ራሱ ታካሚው ተሸክሞታል። አሁን «ቶሎ ልፍታውና ወደሚቀጥለው ሰው ልለፍ» ብለው ያስቡ። ክንድዎ ከአልጋው ይነሣል፣ የጣቶችዎ ጫፎች ጠንከር ይላሉ፣ ትንፋሽዎ ይቆማል። ታካሚው ምንም ሳይናገር አገጩን በትንሹ ወደ ላይ ያነሣል፤ ጭንቅላቱም እጅዎ ላይ ይቀልላል። እየተከላከለ ነው። ከዚያ ክርንዎን አልጋው ላይ ያሳርፉ፣ ትንፋሽዎን ይልቀቁ፣ ጣቶችዎ እንዲሰሙ እንጂ እንዲገፉ አይጠይቋቸው። ጥቂት ደቂቃዎች ሲያልፉ ጭንቅላቱ እየከበደ ይመጣል፣ ከጣትዎ በላይ ያለው ጡንቻ ይለሰልሳል፣ ታካሚው አንዴ ምራቁን ውጦ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው እጅዎ በሁለቱም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። የተለወጠው የጣትዎ ውጥረት፣ የክርንዎ ማረፊያና ትንፋሽዎ ነው፤ እነዚህን የለወጠው ደግሞ ዓላማዎ ነው። ምሥጢር የሚባል ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ለእኔ ይህ በራሱ የሚያስደንቅ ነው፣ ሌላ ተአምር መጨመር አያስፈልገውም።

ትኩረትን በሚመለከት ቀጥተኛ የሆነ ጥናትም አለ። ፍራንቼስኮ ቼሪቴሊና ባልደረቦቹ በጣሊያን ሠርተው በ2017 ያሳተሙት ነው። 40 ጤነኛ ሰዎች የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ሆነው በሰው እጅ ተነኩ። የሚነካቸው ባለሙያ ለአንዱ ቡድን ሐሳቡን በሙሉ እጁ በሚሰማው ነገር ላይ እንዲያደርግ፣ ለሌላው ቡድን ደግሞ እጁን እንዳስቀመጠ በጆሮው የሚመጣን ድምፅ እንዲከታተል ታዘዘ። ንክኪው 15 ደቂቃ ያህል ሲዘልቅ ትኩረት ባገኘው ቡድን ውስጥ በአንጎል ክፍሎች መካከል ያለው የአሠራር ትስስር ተለየ። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ኢንሱላ የሚባለውና የሰውነትን ውስጣዊ ስሜት ለመገንዘብ የሚረዳው ነው። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ነገር ግን ከሚለው በላይ አናስብለው። ተሳታፊዎቹ ሕመምተኞች አልነበሩም፣ ከሕመም መዳናቸውም አልተለካም። የተፈተነውም የባለሙያው ምኞት ሳይሆን ትኩረቱ ነው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው እጅ ግፊቱ ሊዋዥቅ፣ ሊቀዘቅዝ ወይም ሊከብድ እንደሚችልም አይርሱ። ከዚህ ጥናት «ዓላማ በቀጥታ አንጎል ይለውጣል» የሚል መፈክር የሚያወጡ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ አይከተሏቸው።

ሁለተኛው መንገድ ሐኪሙ የሚጠብቀው ውጤት ነው። በዚህ ረገድ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግሬስሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1985 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት አጭር ዘገባ ነው። የመንጋጋ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ታካሚዎች መርፌ ይወጋሉ፤ ኃይለኛ ማስታገሻ፣ ሕመም ሊያባብስ የሚችል መድኃኒት ወይም ምንም መድኃኒትነት የሌለው ፈሳሽ ሊሆን እንደሚችል ተነግሯቸዋል። መርፌውን የሚሰጡት ሐኪሞች ግን በአንድ ዙር ማስታገሻው በእጣው ውስጥ እንደሌለ፣ በሌላው ዙር እንዳለ ያውቃሉ። ታካሚዎቹ ይህን አያውቁም። መድኃኒትነት የሌለውን ፈሳሽ የተወጉት ብቻ ሲወዳደሩ፣ ሐኪሙ «ማስታገሻ ሊሆን ይችላል» ብሎ ባሰበበት ዙር ሕመማቸው ቀነሰ፤ «ሊሆን አይችልም» ብሎ ባሰበበት ዙር ግን ጨመረ። ሐኪሞቹ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ የተሠራ ጥናት ነገሩ የሚያልፍበትን በር በከፊል አሳየ፤ የሐኪም ሚና የተሰጣቸው ሰዎች አንደኛው ቅባት እንደሚሠራ አምነው ሲቀቡ፣ ሁለቱም ቅባቶች ከንቱ ሆነው ሳለ ተቀቢዎቹ ያነሰ ሕመም ተሰማቸው። ሐኪም የሆኑት ሰዎች ፊትም እንደ እምነታቸው ይለያይ ነበር።

ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነው ግን በካናዳ ተሠርቶ በ2014 የወጣው የፉዌንቴስ ጥናት ነው። የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 117 ሰዎች በአራት ተከፍለው አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሕክምና ተደረገላቸው። ለግማሾቹ መሣሪያው በእርግጥ ይሠራል፤ ለግማሾቹ ተጠፍቷል። ከሁለቱም ወገን ለከፊሎቹ ባለሙያዋ አጠገባቸው ሆና ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ታበረታታለች፤ ለቀሪዎቹ መሣሪያውን ገጥማ ትወጣለች። የሠራ መሣሪያና አብሮ የሆነ ባለሙያ ያገኙት ሕመማቸው በ77 በመቶ ቀነሰ። የጠፋ መሣሪያና አብሮ የሆነ ባለሙያ ያገኙት በ55 በመቶ፣ የሠራ መሣሪያ አግኝተው ብቻቸውን የተተዉት በ46 በመቶ፣ ሁለቱንም ያጡት በ25 በመቶ። መሣሪያው ድርሻ አለው፤ የሰው መኖርም ድርሻ አለው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይበልጣል። «ዓላማ ብቻ ይበቃል» ለሚለውም «ዓላማ ከንቱ ነው» ለሚለውም ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከአእምሮ ወደ ሰውነት የሚያልፍ ኃይል አለ የሚለው ሐሳብ ሙያችን ውስጥ ከየት ገባ? ከመሥራቹ ጀምሮ ያለ ነው። አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1828 በቨርጂኒያ የተወለደ የሜቶዲስት ሰባኪ ልጅ ነው። በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጣ፤ የዘመኑ መድኃኒት አላዳናቸውም። በ1874 አዲሱን ትምህርቱን ይፋ አደረገ፣ በ1892 በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ራሱን «ማግኔታዊ ፈዋሽ» እና አጥንት አቅኚ ወጌሻ ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። ማግኔታዊ ፈውስ ደግሞ ከፈዋሹ ወደ ሕመምተኛው የማይታይ ፈሳሽ ይፈሳል ይል የነበረው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም የፍራንዝ ሜስመር ትምህርት ውላጅ ነው። ስቲል በኋላ የሥነ አካል ዕውቀትን የሁሉ መሠረት አድርጎ ተማሪዎቹ አጥንትን በሚገባ እንዲያጠኑ አደረገ፤ የሐኪም ዓላማ ጤናን ፈልጎ ማግኘት እንደሆነ፣ በሽታን ማንም ሊያገኘው እንደሚችል ያስተምር ነበር። ተማሪው ሰዘርላንድ የራስ ቅል አጥንቶችን ሕክምና ሲመሠርት ግን ነገሩ እንደገና ወደ መንፈሳዊው አዘነበለ፤ ከውጭ ኃይል ከመጫን ይልቅ ውስጥ ያለው «የሕይወት እስትንፋስ» ሥራውን እንዲሠራ ዝም ብሎ መጠበቅን አስተማረ። በአሜሪካ ኦስቲዮፓቶች መድኃኒት የሚያዝዙና ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሙሉ ሐኪሞች ሆኑ፤ በአውሮፓ ሙያው በእጅ ሕክምናነቱ ቀረ። እርስዎ የሰሙት ቋንቋ በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ወገን፣ በተለይም የሰዘርላንድ ተከታዮች ቋንቋ ነው።

የሜስመርን ፈሳሽ የመረመረው የፈረንሳይ ንጉሥ በ1784 ያቋቋመው ኮሚሽን ነበር፤ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዚዬ በአባልነት ነበሩበት። የሕመምተኞቹን ዓይን ሸፈኑ። ሳያውቁ «ማግኔት» ሲደረግባቸው ምንም አልሆኑም፤ ሳይደረግባቸው ተደርጓል ሲባሉ ግን ተንቀጠቀጡ። በ1998 ደግሞ ኤሚሊ ሮዛ የተባለች ልጅ ገና በ9 ዓመቷ የጀመረችው ሙከራ በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታተመ። ሳይነኩ ኃይል እንደሚሰማቸው የሚናገሩ 21 ፈዋሾች እጃቸውን በመጋረጃ ውስጥ አሳልፈው፣ ከሁለቱ እጃቸው የልጅቷ እጅ የቀረበው ወደየትኛው እንደሆነ ተጠየቁ። ያገኙት 44 በመቶ ነው፤ በግምት ብቻ 50 በመቶ ይገኝ ነበር።

የክፍል ጓደኛዎ «ተሰማኝ» ያለችው እንግዲህ በዚህ ዓይን ይታይ። መምህሩ «ይልቀቅ ብለሽ አስቢ» ሲሉ ሰምታለች፤ አንድ ነገር ሊሆን እንደሆነ አውቃ እየጠበቀች ነበር። የእርስዎም እጅ በዚያች ቅጽበት ሳይለሰልስ አልቀረም። ዋሽታለች አልልም፤ የተሰማት በእውነት ተሰምቷታል። ከፈለጉ ይፈትኑት፦ ግማሾቹ ላይ «ይልቀቅ»፣ ግማሾቹ ላይ «የገበያ ዝርዝር» ተብሎ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተገልብጠው ይቀመጡ። እርስዎ አንዱን አንሥተው በዝምታ ያድርጉ፤ ጓደኛዎ ሳታይዎት የትኛው እንደሆነ ትናገርና ሌላ ሰው ይመዝግብ። ትክክል የምትልበት ጊዜ ከግማሽ እጅግ ቢበልጥ እንኳ ለመደነቅ አይቸኩሉ፤ ያኔ የሚጠየቀው እጅዎ ምን እንደለወጠ ነው፤ ያንን ሊማሩትና ሊያስተምሩት ይችላሉ። በራስ ቅል ውስጥ አለ የሚባለው ምት ይሰማኛል የሚሉ ባለሙያዎች አንድን ሰው በየተራ ሲመረምሩ የሚያገኙት ቁጥር በአብዛኛው እንደማይገጥምም ይወቁ። ከታካሚው ይልቅ የራሱን ዓላማ የሚሰማ እጅ አለ፤ ይህ ለሁላችንም ያለ ፈተና ነው።

በአጠቃላይ ሙያችንስ? በ2003 ሊቻርዶን በአሜሪካ ባሳተመው ጥናት የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኦስቲዮፓቲ ሕክምናም በማስመሰያ ሕክምናም ምንም ካልተደረገላቸው ይልቅ ተሻላቸው፤ በሁለቱ መካከል ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በ2021 በፈረንሳይ 400 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እውነተኛው ሕክምና ከማስመሰያው ትንሽ እንደሚበልጥ አሳየ፤ ልዩነቱ ግን በታካሚው ኑሮ ላይ ለውጥ ያመጣል ለማለት የሚበቃ አልነበረም። ይህን ሲሰሙ የሚያዝኑ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ማስመሰያ የተባለውም በሰው እጅ፣ በእርጋታ፣ ጊዜ ተሰጥቶት የተደረገ ንክኪ ነበር። ከሥራችን ፍሬ ብዙው እዚያ ውስጥ ካለ፣ ያንን በቁም ነገር መማርና ማጥናት ይገባናል፤ ለምንመካበት ልዩ ጥበብ ደግሞ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ቃል መግባት የለብንም።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። መልካም ዓላማ ምርመራን አይተካም። በሀገራችን ወጌሻ ዘንድ ሄደው እጃቸው ወይም እግራቸው በጥብቅ ታስሮ ደም ያጣባቸው፣ ሥጋቸው ሞቶ ለመቆረጥ የበቁ ሕፃናት ታሪክ ለሆስፒታሎቻችን እንግዳ አይደለም። አሳሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁ እንዲድን ከልቡ ፈልጎ ነው ያሰረው። የጎደለው የጣቶቹን ቀለምና ሙቀት ማየት ነበር። እኛም በለሰለሰ እጅ ያንኑ ልንሠራ እንችላለን። ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንቱ ከታገደበት ወይም ካመለጠው፣ ወይም በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው፣ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ከዛሉ፣ ቦታው አልጋዎ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት፣ በተለይ ከሀገር ቤት የመጣ ታካሚ የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል፤ ያንን «ይልቀቅ» እያሉ ለወራት መያዝ በደል ነው። ልባዊ ዓላማ ያለው ሐኪም ራሱን የሚያሳምንበት ፍጥነት ያስፈራኛል፤ ታካሚው ካልተሻለው «ዓላማዬ አልጠራም ነበር» ይላል፣ ምርመራው ግን ትክክል ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ዓላማዎን ሊፈተን በሚችል ቃል ያስቀምጡት። እጅዎን ከመዘርጋትዎ በፊት «አንገቱ ወደ ቀኝ የሚዞረው ይህን ያህል ነው፤ ይህን ጡንቻ ካሳረፍኩት ይጨምራል» ብለው ይወስኑ፤ ሲጨርሱ አዙረው ይዩ። በሥራው መካከል ደግሞ ውሳኔውን ወደ ጎን አድርገው እጅዎ የሚነግርዎትን ይስሙ። መምህርዎንም በአክብሮት ይጠይቋቸው፦ «ዓላማዬ ሲገኝ እጄ ላይ ምን ይለወጣል? የትኛው ጣት? የትኛው ግፊት?» ጥሩ መምህር ከሆኑ አጠገብዎ ቁጭ ብለው እጃቸውን በእጅዎ ላይ አድርገው ያሳዩዎታል።

ለታካሚዎችዎ የሚነግሩት ቀላል ነው። «ዓላማዬን እልክልዎታለሁ» ወይም «ኃይል ይፈስሳል» አይበሉ፤ የማያውቁትን ነገር እንደሚያውቁ መሸጥ ይሆናል። ይልቁንም እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «አሁን እጄን ከማጅራትዎ ሥር አስቀምጣለሁ። የምፈልገው ይህ ጡንቻ እንዲያርፍ ነው። ጥቂት ደቂቃ ምንም ሳልገፋ እቆያለሁ፤ ካልተመቸዎ ይንገሩኝ፣ ወዲያው እተዋለሁ።» ይህ ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ ሕመሙን የሚያቀልለው ተስፋም በዚሁ ንግግር ውስጥ ይደርሰዋል፣ ያለ አንዳች ውሸት። ከኛ ወገን የሆኑ እናቶችና አባቶች ተነሥተው «እጅሽ ይባረክ» ሲሉዎት በደስታ «አሜን» ይበሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀጠሮ ግን ምንም ካልተለወጠ፣ ያንኑ በግልጽ ነግረው ሊረዳቸው ወደሚችል ሐኪም ደብዳቤ ይጻፉላቸው።